ከእንሽላሊቱ ስር የተነጠፈው

ነይ ሙንተሃ፣ ነይ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጪ። መጋረጃውን ዘግቼልሻለሁ፣ ወንድ አይገባም፤ ሻርፕሽን አውልቂው። ውይ! ይሄ ጸጉር እንዴት ረዝሟል? የዲላ ውሃ ነው ወይስ የዲላ ባል? ሳቂ እንጂ! ሁለት ዓመት ጠፍተሽ መጥተሽ ደግሞ ልትኮሪብኝ ነው? እኛማ እንዳለን ነን። መናኸሪያ ያው መናኸሪያ ነው። አውቶቡሱ ይጮኻል፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ። ዛሬ ተመስገን መብራት አለ። ትናንት ፈረቃችን ስለነበር ግማሽ ጸጉሯ የደረቀ ሙሽራ ፀሐይ ላይ አቁሜ ነው የጨረስኩት።

እሷን ነው? ካስክ ስር ጸጉሯን የምታደርቀውን? አይ፣ ተጫወቺ፣ ካስኩ ይጮኻል፣ ምንም አይሰማትም። ብትሰማስ? ሰው አናማ! እኔ ካሰች ሰው እንደማላማ አንቺ ታውቂያለሽ። «ሰውን ሲያሙ ለኔ ብለሽ ስሚ» ይላሉ… እኔ ዛሬ የማወራሽ ምስጋና ብቻ ነው። ሰው ሲመሰገን ለኔ ነው የሚል ካለ ደግሞ መብቱ ነው።

ጋሽ ዋሲሁን እንዴት ናቸው አልሽኝ አይደል ስትገቢ? ደህና ናቸው። ሁላችንንም ባዮሎጂ አስተምረውን የለ? እኔንማ ሁለት ጊዜ ጥለውኛል። የእንቁራሪት ልብ ስንት ክፍል አለው ሲሉኝ «እንደ እንቁራሪቷ ነው» ብዬ። ግን ደህና እስኪሆኑ ብዙ ነገር አለፈ። አንቺ ዲላ በሄድሽ በዓመቱ ነው እትዬ ጸሐይወርቅ ያረፉት። ጨጓራ ነው፣ ጨጓራ ነው ሲባል ቆይቶ፣ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ጨጓራ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጋሽ ዋሲሁን ሰው ማናገር ተዉ። ምሥራቅ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ታውቂዋለሽ፤ ፊቱን ለመንገድ የሰጠው፣ ከኋላው ሦስት ሰርቪስ ያለው፣ አቮካዶው አጥር አልፎ ለሰፈር የሚያፈራው… ያን የሚያህል ቤት ውስጥ አንድ ሰው። እትዬ ጸሐይወርቅ ዓሣ የሚያስቀምጡበት የመስታወት ሣጥን ነበራቸው፤ ዓሦቹም ብዙ አልቆዩም። እሳቸው ባዶ መስታወት ፊት ቁጭ ብለው ይውላሉ።

ከዚያ ኮብልስቶን መጣ። መንገዱን ሊያነጥፉ የድንጋይ አጥራቸውን ሲያፈርሱት ከድንጋዩ መሀል አንድ እንሽላሊት ዘሎ ወጣ። ጋሪ የኋላ እግሩን ረገጠው፤ ጅራቱም እዚያው ተቆርጦ ቀረ። ጋሽ ዋሲሁን በባርኔጣቸው አንስተው ይዘውት ገቡ። እግሩ ተጣሞ ስለዳነ መልቀቅ አልተቻለም፣ ድመት ነው የሚበላው። የዓሦቹ ቤት ውስጥ አስገቡት። ከስሩ ጋዜጣ አነጠፉለት፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጡለት፣ ከላይ አምፖል አንጠለጠሉለት፣ ፌንጣ እየለቀሙ ያበሉታል። ስሙን ማን እንዳሉት ታውቂያለሽ? «ተማሪዬ»!

አትሳቂ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። አንድ ጠዋት በበሩ ሳልፍ «ካሰች፣ ዛሬ ተማሪዬ ሁለት ፌንጣ በላ» አሉኝ። ስድስት ወር ድምፃቸውን ያልሰማ ሰፈር በአንድ እንሽላሊት ሰላምታ አገኘ። የኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ምን ነገር ነው ቤት ያስገቡት» ብለው ሊጸልዩላቸው ሁሉ አስበው ነበር። ሲስቁ ሲያዩዋቸው ተዉት።

እዚህ ላይ ነው ያቺ ደግ እህታችን የመጣችው። ስሟን ምን ያደርግልሻል? ደግ ሰው ስሙ ሲጠራ ዋጋው ይቀንስበታል። እንዴት ያለች ሴት መሰለችሽ! ሰው ሲሞት ከለቀስተኛው ቀድማ ትደርሳለች። የእትዬ ጸሐይወርቅ አርባ ሳይወጣ የሳሎኑን መጋረጃ በስንዝር ለክታ «ጋሼ፣ ይሄ ቀለም ሐዘን ይጠራል፣ እኔ እቀይረዋለሁ» ያለች እሷ ናት። ሌላው ሰው ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ እሷ ቤቱን። ሰርቪሶቹንም አንድ በአንድ ከፍታ አየቻቸው። ለምን? ዝናብ ያስገቡ እንደሆነ ነዋ! ዛሬ ለሰው ጣሪያ የሚጨነቅ ማን አለ?

ደግሞ የሠለጠነች ናት። ስልጠና ያልገባችበት ነገር የለም። ንብ ማነብ ሦስት ቀን፣ የዶሮ እርባታ ሁለት ቀን፣ የግጭት አፈታት እስከ ምሳ ሰዓት። ሰርተፍኬቱ ግድግዳዋን ሞልቶታል፤ የስልጠና ቦርሳዎቿን ብትደረድሪያቸው ከዚህ እስከ ቱላ ይደርሳሉ። ንብ ግን በሩቁም አይታ አታውቅም ይላሉ… ምቀኞች ናቸው።

ታዲያ አንድ ቀን የመስታወቱን ሣጥን አየችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ጋሼ! እርስዎን የሚያህል መምህር፣ እንስሳ በጋዜጣ ላይ? ሰው ቢመጣ ምን ይላል?» አለች። ወደዚያ ቤት ሰው አይመጣም እኮ። ግን እሷ አርቃ ታያለች፤ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን ደጁን እንደሚከፍት ከአሁኑ ጨርሳዋለች። በማግስቱ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ አስይዛ መጣች። ተራ ሰጋቱራ መሰለሽ? የጥድ! ቀይ፣ መዓዛው ከበር የሚቀበልሽ። ሣጥኑን ግማሽ ድረስ ሞላችው። ጋሽ ዋሲሁን «ሽታው አይከብደውም ወይ?» ቢሉ፣ «ስልጠና ላይ ያየሁት ነው» አለቻቸው። የዶሮው ስልጠና ይሆናል። እና ምን ልዩነት አለው? ዶሮም እንሽላሊትም እንቁላል ይጥላሉ።

እንዴት እሺ አሉ ነው የምትዪኝ? ባዮሎጂ የሚያውቅ ሰው? ሙንተሃ፣ ስድስት ወር ማንም ያላናገረው ሰው፣ የሚያናግረው ካገኘ ምን ይላል? እሺ ነዋ የሚለው።

በሦስተኛው ቀን ተማሪያቸው አፉን ከፍቶ መተንፈስ ጀመረ። ዓይኑ አበጠ፣ አፍንጫው አረፋ ያዘ። ጋሽ ዋሲሁን ደንግጠው ጠሯት። ጎንበስ ብላ አየችውና ምን አለች? «እየሳቀ ነው፣ ለመደዎት።» … እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አጽናኝ አላየሁም። ታንቆ የሚሞት ሰው እንኳ አጠገቡ እሷ ካለች እየሳቀ መሞቱን በእርግጥ ያውቃል።

ያን ጊዜስ እሳቸውም አላመኑም፤ ሰጋቱራውን ጠርገው አወጡት፣ ትንፋሹም ተመለሰ። እሷ ተቀየመች? በጭራሽ! «ሽታ ካልወደደ ሽታ የሌለው አመጣለታለሁ» ብላ በሳምንቱ በአንዱ የስልጠና ቦርሳዋ አሸዋ ተሸክማ መጣች። ከሐይቁ ዳር የተዘገነ፣ ነጭ፣ ደቃቅ፣ በዱቄት ወንፊት የተነፋ፤ ዳር ዳሩን ደግሞ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሰካችበት። ሣጥኑን ሪዞርት አስመሰለችው! እውነቴን ነው፣ እኔ ራሴ ስገባ «እዚህ ነው መተኛት» ብያለሁ።

ከላይ ሲታይ እንደሱ ያማረ የለም። ጉዱ ሲዋጥ ነው። እንሽላሊት ፌንጣውን በምላሱ ላፍ ሲያደርግ ከስሩ ያለውንም አብሮ ይወስዳል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ… ሰውስ ቢሆን? ከሚያምር እጅ የሚጎርስ ምን እንደዋጠ መቼ ያውቃል?

ሆዱ እየተነፋ መጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሣጥኑ ውስጥ አንድም ኩስ የለም። «አሸዋው ንጽሕና ይጠብቃል» አለች። ሆዱን ሲያሳዩዋት «ወፈረልዎት፣ ጠግቦ ነው» አለች። መብላት ሲተው «ጾም ይዞ ይሆናል» ብላ ሳቀች። ደህናውንም እግሩን መጎተት ሲጀምር «ድሮስ አንካሳ አልነበር?» … ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አይደል የሚባለው? እንሽላሊትን ግን ሲያታልሉት በአሸዋ ሞሉት።

ሞቀሽ እንዴ እህቴ? ካስኩን ልቀንስልሽ? ፊትሽ ቀላ ብሎብኝ ነው… እሺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ። አየሻት ሙንተሃ? ከገባች ጀምሮ መጽሔቱን አንድ ገጽ አልገለጠችም። እንዴት ያለ ደስ የሚል ገጽ ቢሆን ነው?

አንገትሽን ቀና አድርጊልኝ። እና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አቮካዶ ልለምን ጋሽ ዋሲሁን ቤት ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ እንሽላሊቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ጠግቦ ነው ብላኛለች» አሉኝ። ሆዱን ነካሁት፣ ጠጠር ነው።

«ካሰች፣ ጸሐይንም ጨጓራ ነው ብለውኝ ነበር» አሉኝ። «ሆዷ ሲጠነክር በዚህ እጄ እየዳሰስኩት ነበር። እኔ ባዮሎጂ መምህር ነኝ። ደስ የሚለውን ወሬ ነው ያመንኩት። አሁንም ይኸው ደስ የሚለውን አመንኩ።»

ለእንሽላሊት የሚያለቅሱ መሰለሽ? እኔም ቆሜ አለቀስኩ። አቮካዶውን ረሳሁት።

ከዚያ ነው ለታቢታ የደወልኩላት። ታቢታን አታውቂያትም፤ የእንስሳት ክሊኒክ ነው የምትሠራው፣ ቱላ ለቱላ ላም ስታዋልድ ነው የምትውለው። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዝምተኛ ናት፣ ቦት ጫማ ለብሳ የተወለደች ነው የምትመስለው። «እንሽላሊት አክሜ አላውቅም» አለችኝ፣ «ግን ጥጃም ፌስታል ሲውጥ ሆዱ እንዲሁ ነው፣ መጣሁ።» በባጃጅ መጣች። ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውሃ አስደረገች፣ እስከ ሆዱ ነከረችው፣ በአውራ ጣቷ ከደረቱ ወደ ጅራቱ ቀስ እያለች ታሸዋለች። በከንፈሩ ጥግ አንድ ጠብታ ዘይት። ከዚያ አምፖሉ ስር። ጠዋት መጣች፣ ማታ መጣች። ጋሽ ዋሲሁንም ውሃውን በክርናቸው እየለኩ እንደ ሕፃን አጣቢ አጠገቧ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ስለ እንሽላሊቱ ብቻ ነበር የሚያወሩት። በሁለተኛው ቀን ስለ እትዬ ጸሐይወርቅ አወሩ። ታቢታ እያሸች ሰማች፤ «ይረሱታል» አላለቻቸውም፣ «የእግዜር ሥራ ነው» አላለቻቸውም። «እርስዎም እሳቸውም አታውቁም ነበር» ብቻ አለቻቸው።

ሰኞ ከሰዓት እዚሁ ጸጉር እየሠራሁ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ዋሲሁን ናቸው። «ካሰች! ተማሪዬ አለፈ!» ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። «ነፍሱን ይማር» ልል ስል… ለካ ፈተናውን ነው ያለፈው! ያ ሁሉ አሸዋ ወጣ! እኔ ያላለፍኩትን ፈተና እንሽላሊት አለፈ!

ታቢታ ሣጥኑን በፈላ ውሃ እያጠበች፣ «ከስሩ የሚነጠፍለት ነገር የማይዋጥ ይሁን፣ የማይሸት ይሁን፣ ሲቆሽሽ ደግሞ የሚያስታውቅ ይሁን። ማማሩ ለሱ ምኑ ነው? የእርስዎ ጋዜጣ ልክ ነበር ጋሼ» አለቻቸው። እስከ ዛሬ ጋዜጣ ነው የሚነጠፍለት። የመንግሥት ጋዜጣ፣ በየሁለት ቀኑ ይቀየርለታል። ሰው አንብቦት ይታመማል እንጂ እሱ ተኝቶበት ምንም አልሆነም። ባለ ሁለት አኃዝ ዕድገት ላይ ተኝቶ ጅራቱ እንኳ በቀለለት! ኧረ ቀስ ብለሽ ሳቂ፣ ደጅ ሰው አለ።

በዚያው ሰኞ፣ ታቢታ ገና ወለሉ ላይ ተንበርክካ እያለች፣ እህታችን ከች አለች። አፍንጫዋን ይዛ፣ «ውይ! ይሄ የበረት ሽታ ከየት መጣ?»

ታቢታ ቀና ብላ «ከእኔ ነው እህቴ፣ ከላም ነው የመጣሁት። አሁን እወጣለሁ» አለቻት።

ጋሽ ዋሲሁን «አይ» አሉ፣ «አንቺ አትውጪ።»

«አንቺ» የምትለዋን እንዴት እንደጫኗት! አንቺ አትውጪ ሲባል ማን መውጣት እንዳለበት አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ይገባዋል። እህታችን ግን ትሑት ናት፣ ይህን ያህል አትጠራጠርም፤ ሶፋው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

ልግስናዋ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ ሰው የሠራውን ለራሱ ያደርጋል፤ እሷ ለሰው ትሰጣለች። አሸዋውን በሙሉ ለታቢታ ሰጠቻት! «ያቺ የከብት ሐኪም ናት አሸዋ ያነጠፈችለት፤ የማታውቀውን እያከመች የሽማግሌውን እንስሳ ልትገድልባቸው፣ እኔ ነኝ ደርሼ ያስቆምኳት» እያለች ቤት ለቤት አደረሰችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የሠለጠነች ግን አፍስሳ ሌላ ሰው ታስለቅማለች።

ወሬው የታቢታ መሥሪያ ቤት ደረሰ። ግምገማ ተጠራ። አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገለች ሴት «ያለፈቃድ ሕክምና፣ የሕዝብ ቅሬታ» ተብሎ የስንብት ወረቀት ተዘጋጀላት። እኔ ምስክር ልሁን ብዬ ሄጄ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰብሳቢው «ምን ትያለሽ?» ሲላት ታቢታ ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ከላም ጋር እንጂ ከሰው ጋር መከራከር የት ለምዳ? እንባዋ ብቻ ወረደ።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ዋሲሁን! ከእትዬ ጸሐይወርቅ ቀብር ወዲህ ከሰፈራቸው ወጥተው አያውቁም። ሱፋቸውን ለብሰዋል፣ በአንድ እጃቸው የሻይ ብርጭቆ፣ በሌላው ቦርሳ ይዘዋል። ልክ ክፍል እንደገቡ ሆነው ቆሙ፣ ሁላችንም ብድግ አልን፤ ልማድ አይጠፋም።

«ይህ ከተማሪዬ ሆድ የወጣ ነው» አሉ ብርጭቆውን እያሳዩ። «ይህ ቦርሳ ውስጥ ያለው ደግሞ ከሣጥኑ የተጠረገው። ተመልከቱት፣ አንድ ነው። ይህች ሴት ቤቴ የገባችው አሸዋው ከተነጠፈ ከሃያ ቀን በኋላ ነው። የገባችውም ልታወጣው ነው።»

«ታዲያ አሸዋውን ማን አመጣው?» አላቸው ሰብሳቢው።

እሳቸው ስም ጠሩ? አልጠሩም! ጨዋ ናቸው። ቦርሳውን ገልበጥ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የስልጠና ቦርሳ አይደል? የሠልጣኝ ስም የሚጻፍበት ካርድ አለው። «አንብቡት» አሉ። ሰብሳቢው አንብቦ ለጎረቤቱ አቀበለ፣ እሱም ለጎረቤቱ፣ ክፍሉን ዞረ። እኔም ደረሰኝ። ደስ የሚል የእጅ ጽሑፍ ነው… ክብ ክብ ያለ።

ወረቀቱ እዚያው ተቀደደ። ሲወጡ ጋሽ ዋሲሁን የታቢታን ጃንጥላ ያዙላት። ፀሐይ ነበር፣ ግን ዘረጉት።

በግንቦት ማዘጋጃ ቤት ተፈራረሙ! አዎ ተጋቡ፣ ምነው ጮኽሽ? የታቢታን ጸጉር የሠራሁት እኔ ነኝ። ቦት ጫማዋን ደብቀንባት ነው በታኮ ጫማ የወጣችው። የሳሎኑን መጋረጃ አልቀየረችውም፤ «እትዬ ጸሐይወርቅ ጥሩ ጨርቅ ነው የመረጡት» ብላ አጥባ መለሰችው። ከሰርቪሶቹ በአንዱ የታመመ ጥጃ አለ፣ ጋሽ ዋሲሁን ሥዕል እየሳሉ ስለ አራቱ የጥጃ ሆድ ያስረዱሻል፣ ሳትጠይቂያቸው። ባለፈው ሳልፍ ሲስቁ ከደጅ ሰማኋቸው። ቆሜ ነው የሰማሁት ሙንተሃ።

እህታችንስ? ሰርጉ ላይ ነበረቻ! ነጭ ለብሳ፣ ከፊት ወንበር ላይ። «እኔ ነኝ ያገናኘኋቸው» ብላ አለቀሰች። ሰው ተንሾካሾከ፤ እኔ ግን እውነቷን ነው አልኩ። እሷ ባትደክም ታቢታ በየት ትገባ ነበር? እንዲህ ደክሞ፣ ለክቶ፣ ነፍቶ፣ አንጥፎ፣ ቤቱን ለሌላ ሴት ያሰናዳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ይህ ካልተመሰገነ ምን ይመሰገናል?

በቃ፣ ያንቺ አለቀ። ተመልከቺ መስታወቱን… ባልሽ ዲላ እስክትደርሺ አይታገስም። ቆይ፣ ካስኩ ጨርሷል።

ነይ እህቴ፣ እዚህ ተቀመጪ፣ ቢጎዲኑን ላውጣልሽ። አይ ጸጉር! አይ መልክ! ምነው ዝም አልሽ ዛሬ? ራስሽን አሞሽ ይሆን፣ ሙቀቱ ነው። አይዞሽ። ሁልጊዜ ለሰው እንደሮጥሽ አትቀሪም፣ ያንቺም ቀን ይመጣል፣ ያን ቀንም የማሰማምርሽ እኔ ነኝ፣ በነፃ! እግዚአብሔር እንደ ልብሽ ያለ ባል ይስጥሽ። ልክ እንደ ልብሽ ያለ… ምንም ሳይጨምርበት፣ ምንም ሳይቀንስለት። ዕድሜ ልክሽን አብሮሽ ይኑር።

አሜን በይ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ።